ፋይናል ፋንታሲ 2፦ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን ቅጂ?

በቆዩ አርፒጂ (ገጸ ባህሪ እያሳደጉ ታሪክ የሚከተሉባቸው) የቪዲዮ ጌሞች ወዳጆች መሀል ጸብ መጫር የፈለገ ሰው «ፋይናል ፋንታሲ 2» ብሎ ዞር ማለት ይበቃዋል። አንዱ ተነስቶ ከ«ፋይናል ፋንታሲ» ተከታታይ ጌሞች ሁሉ የከፋው እሱ ነው ይላል። ሌላው ማንም ያልገባው ድንቅ ሥራ ነው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሁለቱም ተጫውተውታል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የተጫወቱት ያንኑ ጌም አለመሆኑ ነው።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣ ወዲህ ለተለያዩ ማሽኖች ደጋግሞ ተሠርቷል። በተሠራ ቁጥር ደግሞ ሕጎቹ ተነካክተዋል። በአንዱ ቅጂ ላይ ገጸ ባህሪያችሁ ጉልበት ሲጨምር የአስማት ችሎታው ሊቀንስ ይችላል። በሌላው ላይ ይሄ ጣጣ ጭራሽ የለም። በአንዱ ላይ ድንገተኛ ውጊያን በአንድ ቁልፍ ታጠፋላችሁ። በሌላው ላይ ጥቂት እርምጃ ሳትሄዱ ጭራቅ ይዘልባችኋል። ስለዚህ «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለት በፊት «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸቡ ከየት መጣ

የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ» በ1987 መጨረሻ ወጣ። ሠሪው ኩባንያ ስኩዌር ሁለተኛውን ያቀረበው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1988፣ የኒንቴንዶ ፋሚኮም በተባለው ኮንሶል (የቤት ጌም ማሽን) ላይ ነው። ለጃፓን ገበያ ብቻ። ዳይሬክተሩ ያው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ነበር። ሙዚቃው የኖቡዎ ኡኤማትሱ፣ ሥዕሉ የዮሺታካ አማኖ፣ ፕሮግራሙ የናሲር ገቤሊ። ቡድኑ አልተቀየረም። የተሸጠውን ነገር ትንሽ አሳምሮ መድገም ይቻል ነበር። አልደገሙትም።

የውጊያና የእድገት ሥርዓቱን የነደፈው አኪቶሺ ካዋዙ ሌቭልን ከነጭራሹ አወጣው። ነጥብ ሰብስቦ ሌቭል 12 መግባት የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሰው የሚያድገው በሚሠራው ነገር ነው። ሰይፍ ደጋግሞ የያዘ በሰይፍ ይበረታል። መጥረቢያ የያዘ በመጥረቢያ። እያንዳንዱ አስማት ለብቻው ከ1 እስከ 16 ያድጋል። አስማት በተጠቀማችሁ መጠን ኤምፒ (የአስማት አቅም) ይጨምራል። በውጊያ ላይ ጉዳት በደረሰባችሁ መጠን ደግሞ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ይጨምራል።

ሐሳቡ ሲነገር ያምራል። ዛሬ በብዙ ጌሞች ውስጥ ስለለመድነውም ብዙ አያስገርመንም። በ1988 ግን በኮንሶል ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር መሞከር ድፍረት ነበር።

ጣጣው የመጣው ተጫዋቾች ሒሳቡን ሲያውቁት ነው። ጉዳት ኤችፒ የሚያሳድግ ከሆነ፣ ደካማ ጠላት ፊት ቆሞ የራስን ጓደኛ መደብደብ ያዋጣል ማለት ነው። ሰዉም ይህንኑ አደረገ። ከጀግኖቹ ፊሪዮን ማሪያን ይመታል፣ ማሪያ ጋይን ትመታለች፣ ጠላት የተባለው ጎብሊን ቆሞ ያያል። በፋሚኮሙ ቅጂ ላይማ ከዚህም የባሰ ቀዳዳ ነበር። ትዕዛዝ መርጦ መሰረዝ እንደ መጠቀም ይቆጠር ነበር። መምረጥ፣ መሰረዝ፣ መምረጥ፣ መሰረዝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰነዘር የሰይፍ ችሎታ ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ ጌሙ ክፉ ስም ወጣለት። «ራስህን የምትደበድብበት ጌም» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። እኔ በበኩሌ ይህ ስም ግማሽ ፍርድ ነው እላለሁ። ራስን መደብደብ ይቻላል፤ ግዴታ ሆኖ ግን አያውቅም። ጌሙን በጤናማ መንገድ የተጫወተ ሰው ጠላቶቹ ራሳቸው በቂ ዱላ ይሰጡታል።

ጌሙን የሚጠሉት ሰዎች የማይነግሯችሁ ሌላ ቅሬታ ግን አለ። እሱ እውነተኛ ነው፤ የትኛውም ቅጂ ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። አስማት ሁሉ ከ1 ስለሚጀምር፣ በጌሙ መጨረሻ አካባቢ የምታገኙት አስፈሪ አስማት እጃችሁ ሲገባ ከምንም የማይቆጠር ነው። ለማሳደግ ጊዜ የለም። ያው ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዛችሁትን እሳት ይዛችሁ ትጨርሳላችሁ። በተጨማሪ፣ ከአራቱ ገጸ ባህሪያት አራተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች እየመጡ ይሄዳሉ። ሰዓታት አጥፍታችሁ ያሠለጠናችሁት ሰው ታሪኩ ሲፈልግ ይለያችኋል። ለታሪኩ ይጠቅማል። ላባችሁን ላፈሰሰ እጅ ግን ያናድዳል።

ከዚያ በሮቹ አሉ። ዋሻዎቹ ውስጥ አራትና አምስት በር ተደርድሮ ታያላችሁ። አንዱ መንገድ ነው። የቀሩት ባዶ ክፍል ናቸው። ባዶ ክፍል ስትገቡ በር ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ነው የምትገኙት፤ እስክትወጡ ድረስ ውጊያ በላይ በላዩ ይመጣል። ይህን የሚወድ ሰው እስካሁን አላየሁም። ደጋፊዎቹ እንኳ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

ይህ ጌም ለእናንተ ነው?

ቅጂ ከመምረጥ በፊት ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ።

ታሪክ የምትወዱ ከሆነ አንድ እግራችሁ ገብቷል። የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ» ስም የሌላቸው አራት ጀግኖች ይዞ የክሪስታሎችን ብርሃን መመለስ ነበር። ሁለተኛው የሚጀምረው በሽንፈት ነው። የፓላሜሲያ ግዛት ፊን የተባለችውን ከተማ አቃጥሏል። አራት ወጣቶች ሲሸሹ ይደረስባቸዋል። የመጀመሪያውን ውጊያ ማሸነፍ አይቻልም፤ ጌሙ ገና ሳትለምዱት ይጥላችኋል። ስትነቁ አልቴር ውስጥ ናችሁ፣ የልዕልት ሂልዳ አማጽያን ዘንድ። ከአራቱ አንዱ ሌዮን የለም። የማሪያ ወንድም ነው። የት እንደገባ ፍለጋው ጌሙን ሙሉ ይሄዳል።

ከዚህ በላይ አልናገርም። ይህን ልበል ብቻ፦ ሰው ይሞታል። ለይስሙላ አይደለም፤ ሞቶ ይቀራል። በ1988 የፋሚኮም ካርትሪጅ ላይ አብሯችሁ የተዋጋ ሰው እንዲህ መሄዱ ያልተለመደ ነበር። የታሪኩ ጸሐፊ ኬንጂ ቴራዳ ነው።

ንግግሩም ለየት ይላል። ቁልፍ ቃላት ትማራላችሁ፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ታነሱታላችሁ። የአማጽያኑ የይለፍ ቃል «የዱር ጽጌረዳ» ነው። ትክክለኛው ሰው ፊት ስታነሱት አዲስ ነገር ይከፈታል። ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን ሰላይ የመሆን ስሜት ይሰጣል። ከዚህ ሌላ በኋላ በተከታታዩ ሁሉ የምናውቃቸው ነገሮች የተጀመሩት እዚህ ነው። ቾኮቦ የተባለችው የምትጋለብ ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በዚህ ጌም ነው። ሲድ የሚባለው የበራሪ መርከብ ሰው እንዲሁ።

ዝም ብላችሁ ቁጥር ሲያድግ ማየት የምትወዱ፣ ሰውን በራሳችሁ መንገድ መቅረጽ የሚያስደስታችሁ ከሆነም ግቡ። ማንም ሰው ማንኛውንም አስማት ሊማር ይችላል። ጋይን ግዙፍ ስለሆነ ብቻ መጥረቢያ አስይዙት የሚል ሕግ የለም።

ታጋሽ ካልሆናችሁ ግን፣ ወይም ጌሙ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ በግልጽ እንዲነግራችሁ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ምንም ቅጂ አያድናችሁም። መጨረሻ ላይ ለእናንተ ሌላ ሐሳብ አለኝ።

ቅጂዎቹ

የፋሚኮሙ ዋና ቅጂ። ይህ ለታሪክ አጥኚ ነው። በእንግሊዝኛ በይፋ ወጥቶ አያውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአሜሪካ ሊተረጎም ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ ተሰረዘ። ከላይ የጻፍኩት ቅሬታ ሁሉ እዚህ ሳይለዝብ ይገኛል። ጉልበት ሲጨምር ሌላ ችሎታ የሚቀንስበት ሕግ እዚህ ነው። እጅግ ኃያል ተብሎ በታሪኩ ውስጥ የሚወራለት ኡልቲማ የተባለው አስማት ደግሞ እዚህ በስህተት ምክንያት እንደታሰበው አይሠራም። ሰው ሕይወቱን የሰጠለት አስማት ጠላትን ጭሮ ይመለሳል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም። ጃፓንኛ የምታነቡ ከሆነና የጸቡን ሥር መቅመስ ከፈለጋችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። እስከ መጨረሻው ለመሄድ ግን አልመክርም።

የፕሌይስቴሽን «ኦሪጅንስ»። ጃፓን በ2002፣ ሌላው ዓለም በ2003 አገኘው። አንደኛውና ሁለተኛው ጌም በአንድ ዲስክ ላይ ናቸው። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ጌም በይፋ ያገኘው በዚህ ነው፤ ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ። ሥዕሉ እንደ አዲስ ተስሏል። ሙዚቃው በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ እኔ ከቅጂዎቹ ሁሉ የዚህን ድምፅ ከሚወዱት አንዱ ነኝ። የመክፈቻ ፊልምም ተጨምሯል። ሕጎቹ ግን ለፋሚኮሙ ቅርብ ናቸው። ችሎታ መቀነሱም አለ። ስለዚህ በ2003 ጌሙን የተራገሙት የምዕራብ ተጫዋቾች ያለ ምክንያት አልነበረም። የ15 ዓመት ሐሳብ በአዲስ ልብስ ነው የደረሳቸው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሌሎች አርፒጂዎች ብዙ ርቀው ሄደዋል።

ዛሬ ይህን የሚመርጥ ማነው? የፕሌይስቴሽን ዲስኮች የሚሰበስብ ሰው። እና አንድ ዓይነት እልኸኛ፦ ጌሙን በከባዱ መንገድ ግን በሚገባው ቋንቋ መጫወት የሚሻ።

የጌምቦይ አድቫንስ (የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማሽን) «ዶውን ኦፍ ሶልስ»። 2004። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ችሎታ መቀነስ ተነሳ። እድገቱ ፈጠነ። ድንገት ራስን መደብደብ የማያስፈልግበት ጌም ሆነ። ደጋፊዎች ነን ከሚሉት ብዙዎቹ ጌሙን የወደዱት በዚህ ቅጂ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ተቃዋሚውና ደጋፊው የማይግባቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። አንዱ ስለ 2003ቱ ያወራል፤ ሌላው ስለ 2004ቱ።

ሌላም ጨመሩበት። «ሶል ኦፍ ሪበርዝ» የሚባል ተጨማሪ ምዕራፍ አለ። በዋናው ታሪክ የሞቱት ሰዎች ከሞት በኋላ ባለው ዓለም ተገናኝተው የራሳቸውን ውጊያ ይዋጋሉ። ሐሳቡ በጣም ያምራል። ዋናው ጌም አራተኛውን ሰው እየወሰደባችሁ ሲያናድዳችሁ ቆይቶ፣ እዚህ ያሠለጠናችኋቸውን ሰዎች ከነችሎታቸው ይመልስላችኋል። ያኔ የጣላችሁት ላብ ዋጋ ያገኛል። ግን ማስጠንቀቂያ፦ እነዚያን ሰዎች በዋናው ታሪክ ችላ ካላችኋቸው እዚህ ይበቀሏችኋል። ደካማ ሆነው ነው የሚጀምሩት።

ድክመቱ ስክሪኑ ትንሽ መሆኑና ድምፁ ነው። የጌምቦይ አድቫንስ ድምፅ ለኡኤማትሱ ሙዚቃ ምቹ አይደለም። ማሽኑ ባይኖራችሁም የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ዲኤስና ዲኤስ ላይት ካርትሪጁን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዲኤሶች አይቀበሉም።

የፒኤስፒው (የሶኒ የእጅ ጌም ማሽን)። 2007፣ ለተከታታዩ 20ኛ ዓመት። የጌምቦዩን ሕግና ተጨማሪ ምዕራፍ ወስዶ ሥዕሉን ለሰፊ ስክሪን እንደ አዲስ አጠራው። «አርኬን ላቢሪንዝ» የሚባል አዲስ ዋሻም አለው። ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ጥርት ያለ። አንዳንዱ ሰው ከመጠን በላይ የጸዳ ነው፣ የፒክስሉ ጣዕም ጠፍቷል ይላል። ጣዕም ነው፤ አልከራከርም። በይዘት ግን ከዚህ የሚበልጥ ቅጂ የለም። በዲስክ የሚመጣውን በፒኤስ ቪታ ላይ መጫወት እንደማይቻል አስታውሱ፤ ቪታ የዲስክ ቦታ የለውም።

ፒክስል ሪማስተር። በጁላይ 2021 ለኮምፒውተርና ለስልክ፣ በኤፕሪል 2023 ለኒንቴንዶ ስዊችና ለፕሌይስቴሽን 4 መጣ። ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ይህ ነው። አብዛኛው አንባቢ ምርጫው በዚህና በፒኤስፒው መሀል ስለሚሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ላቁማቸው።

ፒክስል ሪማስተር ወይስ ፒኤስፒ

በምቾት ፒክስል ሪማስተር ያሸንፋል። ልዩነቱም ጥቂት አይደለም። ዋሻ ውስጥ ካርታ አለ። በራሱ ሴቭ ያደርጋል። ውጊያው በራሱ እንዲሄድ፣ እንዲፈጥንም ማድረግ ይቻላል። በኮንሶሉ ቅጂ ላይ ደግሞ ድንገተኛ ውጊያን ማጥፋትና እድገቱን እስከ 4 እጥፍ ማፍጠን ይቻላል። ያ ስለ በሮቹ የነገርኳችሁ ቅሬታ? ባዶ ክፍል ስትገቡ ውጊያውን አጥፉና ውጡ። አለቀ። የ30 ዓመት ምሬት በአንድ ቁልፍ።

በድምፅም ያሸንፋል። ሙዚቃው በኡኤማትሱ ክትትል እንደ አዲስ ተቀናብሯል። የአማጽያኑ ዜማ እዚህ ሲሰማ ጌሙን የሚጠላ ሰው እንኳ ዝም ይላል። ኮንሶሉ ላይ ወደ ድሮው ድምፅ መቀየርም ይቻላል።

በይዘት ግን ይሸነፋል። «ሶል ኦፍ ሪበርዝ» የለም። «አርኬን ላቢሪንዝ» የለም። ስኩዌር ኤኒክስ (የዛሬው የስኩዌር ስም) የፋሚኮሙን ጌም ነው እንደ አዲስ የሠራሁት ብሎ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ ተወው። ለሌሎቹ ቁጥሮች ይህ ምናልባት ግድ አይሰጥም። ለሁለተኛው ግን ግድ ይሰጣል። የጌሙን ትልቁን ቅር የሚያሰኝ ነገር፣ ያ የሚጠፋውን አራተኛ ሰው፣ የሚክሰው ምዕራፍ ነበር የቀረው።

በሥዕል? እኩል። ፒክስል ሪማስተር የድሮውን ስሜት ይጠብቃል፤ ፒኤስፒ ያሳምራል። የፊደል ቅርጹ በ2021 ሲወጣ ቀጭንና የማይመች ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ኮንሶሉ ላይ ሌላ ፊደል መምረጥ ይቻላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነኩት ከሆነ ፒክስል ሪማስተርን ያዙ፤ ከቻላችሁ የኮንሶሉን። ወድዳችሁት ከጨረሳችሁና ከሞቱት ሰዎች መለየት ካልሆነላችሁ ፒኤስፒውን ፈልጉ። በተገላቢጦሽ አትጀምሩ። ከምቾቱ ወደ ፒኤስፒ መሄድ ይቻላል፤ ሳይወዱት በፒኤስፒ ላይ በሮች እየከፈቱ ማማረር ግን ብዙዎችን ከጌሙ አባርሯል።

ስለ 4 እጥፉ አንድ ነገር። ከመጀመሪያው አትክፈቱት። ይህ ጌም ያለው ነገር እድገቱ ነው። እሱን ካጠፋችሁት የሚቀረው በሜዳ ላይ መመላለስ ነው። በተለመደው ፍጥነት ጀምሩ። ሁለት እጥፍ ማድረግ የሚያስፈልጋችሁ በኋላ የተገኘ አስማት ለማሳደግ ስትፈልጉ ነው፤ ያኔ ክፈቱት፣ ከዚያ መልሱት። ያ ምንም ቅጂ አልፈታውም ያልኩት ችግር በዚህ ቢያንስ ይቀላል።

ከመረጣችሁ በኋላ

ጌሙን የሚጠሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ በአንድ የተለመደ መንገድ ነው የሚሄዱት። ከሌላ አርፒጂ የለመዱትን ይዘው ይመጣሉ። ከባድ ጥሩር ይገዛሉ፤ ቁጥሩ ትልቅ ነዋ። እዚህ ከባድ ጥሩር መርዝ ነው። ክብደቱ ከምት የማምለጥ ችሎታችሁን ይጥለዋል። ወደ መጨረሻው የሚመጡት ጠላቶች ደግሞ ደጋግመው ይመታሉ፤ አንዳንዱ ምት ሽባ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ደም ይመጥጣል፣ አንዳንዱ ወዲያው ይገድላል። መከላከያ ቁጥር እዚህ አያድንም። አለመመታት ነው የሚያድነው።

ስለዚህ ቀለል ያለ ልብስ ልበሱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጋሻ ያዙ፤ ቢያንስ የፊት መስመር ላይ ያሉት። ጋሻ ይዞ የተዋጋ ሰው የማምለጥ ችሎታው ያድጋል። ይህን አንድ ነገር ያደረገ ሰው የጌሙን ሁለተኛ አጋማሽ በሰላም ያልፋል። ያላደረገው ደግሞ ጌሙ ሚዛን የለውም ብሎ ይጽፋል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዋና መሣሪያ፣ ሲበዛ ሁለት። ሁሉንም ላስለምድ ያለ ሁሉንም ያጣል። አስማትም እንዲሁ። የፈውስ አስማትን ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች አስተምሩ። ከኋላ መስመር የሚቆም ሰው ቀስት ወይም አስማት ካልያዘ ተመልካች ነው።

ጓደኛችሁን አትደብድቡ። ኤችፒ አነሰ ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ትንሽ ጠንከር ያለ ጠላት ያለበት ቦታ ሂዱ። ግን ሚሲዲያ ወደተባለችው ከተማ በእግር አትሂዱ። መንገዱ ክፍት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መድረስ ይቻላል። ዙሪያው ያሉት ጭራቆች ግን የጌሙ ኋለኛ ክፍል ላይ የሚገቡ ናቸው። በእርግጥ እዚያ ደርሶ ጥሩ መሣሪያ ገዝቶ የሚመለስ ደፋር አለ። ሴቭ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ብትሞቱም አስቂኝ ነው።

አራተኛው ሰው ላይ አትሰስቱ፣ ግን አታብዙም። መሣሪያውን ከመሄዱ በፊት አውልቁ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። መቼ እንደሚሄድ ስለማታውቁ ምክሩ ብዙም አይጠቅምም። ፒኤስፒ ወይም ጌምቦይ ላይ ከሆናችሁ ግን አሠልጥኑት፤ ምክንያቱን አውቃችኋል።

አይሆንም ካላችሁ

ታሪኩ ማርኳችሁ ሥርዓቱ ካስመረራችሁ ወደ «ፋይናል ፋንታሲ 4» ሂዱ። በ1991 ወጣ። ሌቭሉ ተመልሷል፤ ማን ምን እንደሚችል ጌሙ ራሱ ወስኖላችኋል። ሰዎች እየመጡ የሚሄዱበት፣ ራሳቸውን የሚሠዉበት መንገድ ግን ከሁለተኛው በቀጥታ የተወረሰ ነው። እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በሱፐር ኒንቴንዶ የተሸጠው «ፋይናል ፋንታሲ 2» የሚል ካርትሪጅ በእውነቱ አራተኛው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ አሜሪካ ስላልሄዱ ቁጥሩን ቀይረውት ነው። አሮጌ ካርትሪጅ የምትገዙ ከሆነ ይህን እወቁ። ከፊሉ ሰው ደግሞ «ፋይናል ፋንታሲ 2 በልጅነቴ ድንቅ ነበር» ሲል የሚያወራው ስለዚያ ነው፤ ክርክሩ ላይ ይህም የራሱን ጭስ ጨምሯል።

በተቃራኒው ሥርዓቱ ማርኳችሁ ቀሪው ካልጣማችሁ ካዋዙን ተከተሉ። ስኩዌር ለሦስተኛው «ፋይናል ፋንታሲ» ወደ ሌቭል ሲመለስ፣ እሱ ሐሳቡን ይዞ «ሳጋ» የሚባለውን ተከታታይ ጀመረ። የመጀመሪያው በ1989 በጌምቦይ ላይ ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ለጀማሪ የምመክረው «ሮማንሲንግ ሳጋ 2» ነው፤ በ2024 የወጣውን አዲስ ቅጂ። ሌቭል የለም። መሣሪያ የምትጠቀሙትን ያህል ያድጋል። አዲስ ስልት ውጊያ መሀል ላይ በድንገት ብልጭ ይልላችኋል። ኤችፒ ከውጊያ በኋላ በራሱ ይሞላል፤ ስለዚህ ራስን መደብደብ ትርጉም የለውም። የአስቸጋሪነት ደረጃም መምረጥ ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዝቅተኛውን ያዙ፣ ማንም አያያችሁም።